የድርጅቶች ቅልጥፍና በምን ሚዛን ይለካ?

አንድ ድርጅት ሥራውን በቅልጥፍና ያከናውናል ወይስ የሕዝብ ሀብት ያባክናል የሚለው ጥያቄ ለሒሳብ ሹሞች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የሚባክነው ዱቄት፣ ያለ ጥቅም የሚቃጠለው ነዳጅ፣ በከንቱ የሚያልፈው የሥራ ሰዓት በመጨረሻ የሚታሰበው በሠራተኛው ላብና በቀበሌው ነዋሪ ኪስ ላይ ነው። ስለሆነም ሚዛኑ በማን እጅ እንደ ተያዘ፣ ምን እንደሚመዘንበትና ምን ሳይመዘን እንደሚቀር ማወቅ የሰፊው ሕዝብ ጉዳይ ነው እንላለን።

እንደሚታወቀው ለትርፍ የተቋቋመ የንግድ ድርጅት ዓመቱ ሲዘጋ አተረፈ ወይም ከሰረ ይባላል። ይህም ሚዛን ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም፤ ተፎካካሪ የሌለው ሻጭ ዋጋውን እየቆለለ ሳይደክም እንደሚያተርፍ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁንና ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ኬላው፣ የውሃ አገልግሎቱ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በምን ይመዘኑ? አንድ ሕፃን ፊደል በመለየቱ፣ አንዲት እናት በሰላም በመገላገሏ ገበያ የሚቆርጠው ዋጋ የለም። ዋጋ በሌለበት ደግሞ ትርፍና ኪሣራ የሚሉት ቃላት ትርጉም ያጣሉ።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ሁለት ሚዛኖች ተለምደዋል። አንደኛው የዕቅድ አፈጻጸም መቶኛ ነው። «ዕቅዳችንን 110 በመቶ አሳክተናል» የሚል ሪፖርት ያልሰማ ጆሮ በመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ዕቅዱ ሲነደፍ ሆን ተብሎ ከአቅም በታች ተነድፎ እንደሆነስ? ራሱ በሰፋው ቁና ራሱን የሚሰፍር ድርጅት መቼ ይጎድልበታል? ሁለተኛው ሚዛን ነጠላ ንጽጽር ነው፤ አንድ ሠራተኛ በቀን ስንት ሰው አስተናገደ፣ አንድ መምህር ስንት ተማሪ አሳለፈ የሚለው። ይህም በበኩሉ አንዱን ጎን ብቻ ያሳያል። በሠራተኛ ቆጣቢ የሆነው ድርጅት ነዳጅ አባካኝ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ተማሪ ያሳለፈው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ አንብበው የማይረዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ ከቀረቡት ሳይንሳዊ ዘዴዎች መካከል ዳታ ኤንቬሎፕመንት አናሊሲስ የሚባለው ይገኝበታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ አሳቡ ዳቦ ቤት የሚያውቅ ሁሉ የሚረዳው ነው። ወደ አሳቡ ከመግባታችን በፊት ግን ከየት እንደ መጣ ማየቱ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሒሳቡ ሥር ያለው በፋብሪካ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ በሌኒንግራድ የፕላይውድ ድርጅት ባለሙያዎች ለወጣቱ የሒሳብ ምሁር ለሌኦኒድ ካንቶሮቪች አንድ ጥያቄ አቀረቡለት። ልዩ ልዩ ዓይነት እንጨት አለ፤ አቅማቸው የተለያየ መኪናዎች አሉ፤ የትኛው እንጨት በየትኛው መኪና ቢሠራ ምርቱ ከሁሉ ይበልጣል? ካንቶሮቪች የደረሰበትን መፍትሔ በ1939 በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የምንለው የሒሳብ ዘርፍ አንዱ መነሻ ይህ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 በራሱ መንገድ ወደዚያው ደርሶ፣ ስሌቱን በተግባር ለመፈጸም የሚያስችል ዘዴ አበጀ። ሒሳብ ድንበር ለመሻገር ይለፍ ወረቀት አይጠይቅም። የካንቶሮቪች አሳብ በገዛ አገሩ የዕቅድ ቢሮክራቶች ዘንድ ለብዙ ዓመታት በጥርጣሬ ዐይን መታየቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ሰውየው በ1975 ከትያሊንግ ኩፕማንስ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ከስንት ክርክር በኋላ ነው።

በ1957 ደግሞ እንግሊዛዊው ማይክል ፋረል የምርት ቅልጥፍናን ስለ መለካት ባሳተመው ጥናት አንድ ወሳኝ አሳብ አስገባ። መሐንዲሱ በወረቀት ላይ ከነደፈው ፍጹም ፋብሪካ ጋር አንድን ድርጅት ማወዳደር ከንቱ ነው፤ የሚወዳደረው በተጨባጭ ከሚሠሩት እኩዮቹ መካከል ከሁሉ በተሻለው መሆን አለበት አለ። ዘዴውንም በ48ቱ የአሜሪካ ግዛቶች እርሻ ላይ ሞከረው። ይህን አሳብ ከሊኒየር ፕሮግራሚንግ ጋር አጋብተው ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ የሰጡት አብራሃም ቻርንስ፣ ዊልያም ኩፐርና ኤድዋርዶ ሮድስ ናቸው፤ ጽሑፋቸው የወጣው በ1978 ነው። ከሦስቱ አንዱ ኩፐር በወጣትነቱ ትምህርቱን አቋርጦ በቡጢ ግጥሚያ እንጀራውን ይፈልግ የነበረ ሰው መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ብንጠቅስ አንባቢ የሚቀየመን አይመስለንም።

ሥራው የተነሣው ከድኾች ልጆች ትምህርት ነው። በአሜሪካ በ1960ዎቹ በድህነት ላይ በታወጀው ዘመቻ ለድኻ ቤተሰብ ሕፃናት የቅድመ ትምህርት መርሐ ግብር ተከፍቶ ነበር። ሕፃናቱ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ሲገቡ ድጋፉ እንዳይቋረጥ ፎሎው ስሩ የተባለ ተከታይ መርሐ ግብር ተቋቋመ። ጥቅም አስገኝቷልን? ሮድስ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት የያዘው ጥያቄ ይህ ነበር። በ1981 በታተመው ጥናት 70 የትምህርት ቤት ጣቢያዎች ተነጻጸሩ፤ 49ኙ በመርሐ ግብሩ የታቀፉ፣ 21ዱ ያልታቀፉ። በግብዓት በኩል የእናት የትምህርት ደረጃ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ከፍተኛ የሆነው የሥራ ዓይነት፣ የወላጆች ወደ ትምህርት ቤት መመላለስ፣ ወላጅ ከልጁ ጋር የሚያሳልፈው የምክር ጊዜና የመምህራን ቁጥር ገቡ። በውጤት በኩል ንባብ፣ ሒሳብና ሕፃኑ ለራሱ ያለው ግምት ተመዘኑ። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፦ የእናት ትምህርት በዶላር አይተመንም፤ ልጅ ለራሱ ያለው ክብርም በገበያ አይሸጥም። ዘዴው ግን ዋጋ ሳይጠይቅ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ቻለ።

እንዴት? በምሳሌ እንየው። በአንድ ከፍተኛ ውስጥ ላይ ሰፈር፣ ታች ሰፈርና መሐል ሰፈር የሚባሉ ሦስት ዳቦ ቤቶች አሉ እንበል። ሦስቱም በቀን 7,000 ዳቦ ይጋግራሉ። ላይ ሰፈር 8 ሠራተኛና 20 ሸክም ማገዶ ይጨርሳል። ታች ሰፈር 20 ሠራተኛና 8 ሸክም ማገዶ ይጨርሳል። መሐል ሰፈር ግን 20 ሠራተኛም 20 ሸክም ማገዶም ይጨርሳል። ጥያቄው መሐል ሰፈር ምን ያህል ያባክናል የሚል ነው። በሠራተኛ ብቻ ቢመዘን ከላይ ሰፈር አንጻር 40 በመቶ ያገኛል። በማገዶ ብቻ ቢመዘንም ከታች ሰፈር አንጻር ያው 40 በመቶ ነው። የዚህ ዘዴ ፍርድ ግን እንዲህ የጨከነ አይደለም። የላይ ሰፈርን አሠራር ግማሽ፣ የታች ሰፈርን አሠራር ግማሽ ብንቀላቅል 7,000 ዳቦ በ14 ሠራተኛና በ14 ሸክም ማገዶ ሊጋገር እንደሚችል ያሳያል። መሐል ሰፈር በሁለቱም በኩል 20 ስለሚጠቀም ቅልጥፍናው 14 ለ20፣ ማለትም 70 በመቶ ይሆናል።

ከሁሉም የተሻሉትን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር የቀሩትን ሁሉ ፖስታ ደብዳቤን እንደሚያቅፍ ስለሚያቅፋቸው ኤንቬሎፕመንት ተባለ። በመስመሩ ላይ ያለ ድርጅት 100 ያገኛል፤ ከመስመሩ የራቀው እንደ ርቀቱ ይቀነስበታል።

የዚህ ዘዴ ፍትሐዊነት የሚገለጸው ደግሞ በሌላ ጎኑ ነው። ለሠራተኛና ለማገዶ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ከላይ የሚያዝ የለም። እያንዳንዱ ድርጅት ለራሱ ከሁሉ የሚስማማውን ክብደት እንዲመርጥ ይፈቀድለታል፤ የተመረጠው ክብደት ግን ለእኩዮቹም ሁሉ ይሠራል፤ በዚያ ክብደት ማንም ከ100 በላይ ሊያገኝ አይችልም። ተከሳሽ ራሱ የመረጠው ጠበቃ እንደ መቆም ነው። መሐል ሰፈር ለሁለቱ ግብዓቶች እኩል ክብደት ሲሰጥ ነው ከፍተኛውን 70 የሚያገኘው፤ ሌላ ማንኛውም ክብደት ይብሱን ዝቅ ያደርገዋል። በገዛ ሚዛኑ ተመዝኖ የጎደለ ድርጅት «አድልዎ ተደረገብኝ» የሚልበት በር ጠባብ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እንዲሉ።

አሁን ወደ ዋናው ቅራኔ እንግባ። 70 በመቶ የሚለው ቁጥር በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። አንደኛው ንባብ «መሐል ሰፈር 14 ሠራተኛ ይበቃዋል፤ ስድስቱ ይሰናበቱ» ይላል። ሁለተኛው ንባብ ደግሞ «ያው 20 ሠራተኛና ያው 20 ሸክም ማገዶ 10,000 ዳቦ ሊያወጣ ይችላል» ይላል። ስሌቱ አንድ ነው፤ 7,000ን ለ10,000 ብናካፍል ያው 70 በመቶ ነው። ሒሳቡ ራሱ ከሁለቱ የትኛው ይሁን አይልም። የሚለው ሰው ነው። ሰፈሩ ዳቦ ተሰልፎ የሚጠብቅ ከሆነ የመጀመሪያውን ንባብ መምረጥ ከሠራተኛው እንጀራ፣ ከነዋሪው ደግሞ 3,000 ዳቦ መንጠቅ ነው። «ሳይንስ እንዲህ አለ» እያሉ ስድስት ሰው ከሥራ ማባረር የሳይንስን ስም ለበጀት ቅነሳ መሸፈኛ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። በርግጥ የሰፈሩ የዳቦ ፍላጎት በ7,000 የተወሰነ ሊሆን ይችላል፤ ያኔም ቢሆን የሚተርፈው ሠራተኛ ወዴት ይዛወር የሚለው ጥያቄ ከሠራተኞቹ ጋር ተመክሮበት እንጂ በሰንጠረዥ አይወሰንም።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ከላይ የጠቀስነው የ1981 ጥናት ትልቁ ቁም ነገር ይህንኑ መለየቱ ነው። በመጀመሪያ በመርሐ ግብሩ የታቀፉት እርስ በርሳቸው፣ ያልታቀፉትም እርስ በርሳቸው ተነጻጸሩ፤ በዚህ የታየው ጉድለት የየጣቢያው አመራር ጉድለት ነው። ቀጥሎም የየጣቢያው ጉድለት በስሌት ተስተካክሎ ሁለቱ መርሐ ግብሮች ፊት ለፊት ተወዳደሩ፤ በዚህኛው የሚታየው ልዩነት የመርሐ ግብሩ የራሱ ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። የመመሪያው ስሕተት በታችኛው ሠራተኛ ትከሻ ላይ ሲጫን፣ የሠራተኛው ስንፍናም በመመሪያው ሲመካኝ የምናየው ሁለቱን የሚለይ ሚዛን ባለመኖሩ ነው።

ዘዴው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ባንክ ቅርንጫፍ፣ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ገብቷል። ከሁሉም የኖርዌይ ልምድ ልብ ሊባል ይገባዋል። በዚያ አገር መብራት የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች በየአካባቢያቸው ተፎካካሪ የላቸውም። ተቆጣጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ገቢያቸውን ሲወስን በዚህ ዘዴ እያነጻጸራቸው ነው። ይሁንና ወጪ ብቻ ከተለካ ወጪ የሚቀነስበት አቋራጭ መንገድ አለ፦ ምሰሶ አለመጠገን። መብራቱ የሚጠፋበት ነዋሪ ጉዳት ደግሞ በድርጅቱ መዝገብ አይገባም። በመሆኑም ከ2001 ጀምሮ በመብራት መቋረጥ ምክንያት ለደንበኛው ያልደረሰው ኃይል ተተምኖ በድርጅቱ ገቢ ላይ እንዲታሰብ ተደረገ። በረዶ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደንና የባሕር ዳርቻ ነፋስ የሚያስከትሉት ተጨማሪ ወጪም ከግምት ይገባል፤ ተራራ ላይ ሽቦ የሚዘረጋው ሜዳ ላይ ከሚዘረጋው ጋር በአንድ ዐይን ቢታይ ፍርደ ገምድልነት ነውና። የመጠን ጉዳይም አለ። ትንሹን ከትልቁ ያለ ልክ ማወዳደር እንዳይኖር ባንከር፣ ቻርንስና ኩፐር በ1984 ዘዴውን አሻሽለውታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ2003 ጀምሮ ሲዘረጋ በየገጠሩ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኞች እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። ተመሳሳይ ሥራ፣ ተመሳሳይ ግብዓት፣ ቁጥራቸውም ብዙ፤ ለዚህ ዓይነቱ ንጽጽር ከዚህ የበለጠ አመቺ መስክ የለም። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት በትግራይ 60 ጤና ኬላዎችን በዚሁ ዘዴ መዝኗል። በአንጻሩ በመሥሪያ ቤቶቻችን እየተፈራረቁ የመጡት የውጤት ተኮር ምዘናዎች ነጥብ ሲሰጡ እንጂ አንዱ ጽሕፈት ቤት ከየትኛው ጽሕፈት ቤት ምን ይማር ብለው ሲጠቁሙ ብዙም አላየንም። ዳታ ኤንቬሎፕመንት አናሊሲስ ከነጥቡ ጋር ስም ይሰጣል። ለመሐል ሰፈር «70 አግኝተሃል» ብሎ አይተወውም፤ «አርአያዎችህ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ናቸው፤ ከአንዱ የሠራተኛ አደላደል፣ ከሌላው የምድጃ አያያዝ ሄደህ ተማር» ይለዋል። እኛ በበኩላችን ከነጥቡ ይልቅ ይህ ጥቆማ ይበልጣል ባዮች ነን። ነጥቡን ለደረጃ ዝርዝርና ለቅጣት ብቻ የሚፈልገው አለቃ የዘዴውን ገለባ ይዞ ፍሬውን ጥሏል።

ዘዴውን ማምለክ ግን አይገባም። 100 ማግኘት ጉድለት የለም ማለት አይደለም፤ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የሚበልጠው አልታየም ማለት ብቻ ነው። ሦስቱም ዳቦ ቤቶች ምድጃቸው የተሰነጠቀ ቢሆን ከሦስቱ የተሻለው 100 ይባላል። ድርጅቱ ክብደቱን ራሱ ስለሚመርጥም የጎደለበትን ውጤት ከነጭራሹ ዜሮ ክብደት ሰጥቶ ሊሰውረው ይችላል፤ በንባብ ብቻ የበረታ ትምህርት ቤት ሒሳቡን እንደሌለ ቆጥሮ ወደ መስመሩ ይወጣል። ይህን ለመግታት ለክብደቶቹ አስቀድሞ ወሰን ማበጀት ያስፈልጋል። ተወዳዳሪዎቹ ጥቂት ከሆኑም ሁሉም በየፊናቸው አንደኛ ይሆናሉ። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መመሪያ የተወዳዳሪዎች ቁጥር ግብዓትና ውጤት ተደምረው ከሚሰጡት ቁጥር ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን የሚል ነው። በዚህም ሁለት ግብዓትና አንድ ውጤት ላላቸው ዳቦ ቤቶቻችን ቢያንስ ዘጠኝ መሆን ነበረባቸው፤ ሦስቱ ለማስረዳት ያህል ብቻ የቀረቡ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የሐሰት ሪፖርት ነው። በአማካይ ላይ በተመሠረተ ስሌት አንድ ውሸት ከብዙ እውነት ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል። እዚህ ግን መስመሩን የሚሸከሙት ጥቂት የተሻሉ የተባሉ ድርጅቶች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ከዋሸ የሚዛኑ ምሰሶ ተናጋ ማለት ነው። ላይ ሰፈር በእውነቱ 16 ሰው እያሠራ የቀን ሠራተኞቹን ከመዝገብ አውጥቶ «8 ብቻ ነን» ብሎ እንደሆነ እናስብ። በእውነተኛው ቁጥር ሲሰላ የመሐል ሰፈር ቅልጥፍና 70 ሳይሆን 85 በመቶ ነው። አሥራ አምስቱ ነጥብ የተወሰደው ከመሐል ሰፈር ሠራተኞች ነው፤ የወሰደውም ያልተመዘገቡ ጓደኞቻቸውን የደበቀው ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ የንጽጽሩ ሰንጠረዥ ከቢሮ መሳቢያ ወጥቶ በየድርጅቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሠራተኛው የራሱንም የእኩዮቹንም ቁጥር አይቶ «ይህ ልክ አይደለም» የሚልበት መድረክ ይኑረው እንላለን። ሂስና ግለ ሂስ ባዶ ቃል የማይሆነው እንዲህ ያለ በእጅ የሚዳሰስ ቁጥር ሲኖረው ነው።

«ሠራተኛው ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የት ያውቃል?» የሚሉ ወገኖች አይጠፉም። ስሌቱን ኮምፒዩተር ይሠራዋል። ኮምፒዩተሩ የማያውቀው በግብዓት ዓምድና በውጤት ዓምድ ምን መጻፍ እንዳለበት ነው፤ ይህን የሚያውቁት በምድጃው ፊት የሚቆመው ሠራተኛና በመስኮቱ ፊት የሚሰለፈው ነዋሪ ናቸው።

ስለ ሰልፍ ካነሣን አይቀር አንድ ዓምድ ለማኅበራት አባላት እናመልክት። ነዋሪው ወረፋ ሲጠብቅ የሚያጠፋው ሰዓት ጽሕፈት ቤቱ የሚበላው ግብዓት ነው፤ ነገር ግን ስለማይከፍልበት በሒሳቡ አይታይም። ሁለት ጽሕፈት ቤቶች በቀን መቶ መቶ ሰው ያስተናግዳሉ እንበል። አንደኛው አራት ጸሐፊዎች አሉት፤ ባለ ጉዳይ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ሁለተኛው ሦስት ጸሐፊዎች አሉት፤ ባለ ጉዳይ አራት ሰዓት ይጠብቃል። የጸሐፊ ቁጥር ብቻ ከተመዘነ ሁለተኛው 100፣ አንደኛው 75 በመቶ ያገኛሉ፤ አንደኛውም አንድ ጸሐፊ እንዲቀንስ ይታዘዛል። የነዋሪው የመጠበቂያ ሰዓት በሰንጠረዡ ሲገባ ግን አንደኛው የሚበላው 100 ሰዓት፣ ሁለተኛው የሚበላው 400 ሰዓት መሆኑ ይገለጣል፤ አንደኛውም ወደ 100 ይወጣል። ይህን ዓምድ ለመሙላት የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ የእጅ ሰዓትና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በበሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ የማኅበር አባል ነው።